ክፋት በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ፣ ከሦስት ቀን በኋላም ናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦምብ ተጣለ። ጋዜጦች ሁሉ ስለ ቦምቡ በሚጽፉበት በዚያው ወር አጋማሽ፣ ለንደን ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ታትሞ ወጣ። በታሪኩ ውስጥ የሳይንስን ስም የያዘ አንድ ግዙፍ ተቋም የሰውን ዘር እንደ አዲስ ሊሠራ ይነሣል። ከተማ ይወርሳል፣ ጋዜጦችን በእጁ ያስገባል፣ የራሱን ፖሊስ ያሰማራል። ደራሲው ሲ. ኤስ. ሉዊስ ነው። የናርኒያን ተረቶች ያነበባችሁ ወይም ፊልሙን ያያችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። ይህን መጽሐፉን ግን ከመካከላችሁ ያነበበው ሰው ብዙ አይመስለኝም። ርእሱን በአማርኛ «ያ አስፈሪ ኃይል» ልንለው እንችላለን። ሐረጉን ሉዊስ የወሰደው አንድ የድሮ ስኮትላንዳዊ ባለቅኔ ስለ ባቢሎን ግንብ ከጻፈው ግጥም ነው። ግንቡን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ዛሬ «ቴክኖ-ትሪለር» ይሉታል፤ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ዙሪያ የሚያጠነጥን ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ማለት ነው። ስሙ በሰፊው የታወቀው በ1980ዎቹ፣ ቶም ክላንሲን የመሰሉ ጸሐፊዎች ሲነሡ ነው። ክርስቲያን ጸሐፊዎችም ወደ ልብ አንጠልጣዩ መንደር የገቡት በዚያው ዘመን ነው። የፍራንክ ፔሬቲ የመናፍስት ውጊያ ልብ ወለድ በ1986 ወጣ። «ሌፍት ቢሃይንድ» የተባለው ተከታታይ ደግሞ በ1995 ተጀምሮ በዐሥር ሚሊዮኖች ተቸበቸበ። የሉዊስ መጽሐፍ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የመጣ አባት ነው፤ ልጆቹ ላይ የምናየው ብርታትም ሕመምም እርሱ ላይ አለ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ አጭር ልብ ወለድና ድራማ እንደምትጽፉ ስለማውቅ ነው ይህን የመረጥኩት። ከአንድ ጥሩ መጽሐፍ ስሕተት የምንማረው፣ ከደካማ መጽሐፍ ከምንማረው ይበልጣል።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ማርክ ስተዶክ በአንዲት ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ፣ በብራክተን ኮሌጅ የሶሲዮሎጂ መምህር ነው። ጄንን ካገባ ስድስት ወሩ ነው፤ ትዳሩ ግን ከወዲሁ ቀዝቅዟል። «የተቀናጁ ሙከራዎች ብሔራዊ ተቋም» የሚባል መሥሪያ ቤት የኮሌጁን ጥንታዊ ጫካ ይገዛና ማርክን ወደ ዋና ማዕከሉ ወደ ቤልበሪ ይጠራዋል። የተቋሙ ስም በእንግሊዝኛ ሲያጥር «ናይስ» ተብሎ ይነበባል፤ «ደስ የሚል» ማለት መሆኑ ነው። የቤልበሪ ትልቁ ምስጢር አንድ ጭንቅላት ነው። ሚስቱን በመርዝ ገድሎ ፈረንሳይ አገር አንገቱ የተቀላው የሳይንቲስቱ የአልካሳን ጭንቅላት፣ በቱቦና በአየር መንፊያ ሕያው ሆኖ ተቀምጧል፤ ይናገራል፣ ትእዛዝም ይሰጣል። በሌላ ወገን ጄን የሩቁን እውነት በሕልሟ ታያለች፤ ሕልሟም ራንሰም የሚባል ሰው ወደሚመራት አንዲት ትንሽ የአማኞች ቤት ያደርሳታል። ሁለቱም ወገኖች የሚፈልጉት በጫካው ሥር ለዐሥራ አምስት ምዕተ ዓመታት ተኝቷል የሚባለውን የጥንት ጠቢብ መርሊንን ነው።

ጭንቅላቱ ከየት መጣ? ሉዊስ ከባዶ የፈጠረው አስፈሪ ተረት እንዳይመስላችሁ። ጄ. ዲ. በርናል የተባለ ታዋቂ የፊዚክስ ሊቅ በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ የወደፊቱ ሰው ሥጋውን ትቶ በሲሊንደር ውስጥ የሚኖር አንጎል እንደሚሆን በተስፋ ጽፎ ነበር። በ1940 ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት አንድ ፊልም ወጣ። የተቆረጠ የውሻ ጭንቅላት በማሽን ደም እየተላከለት ጆሮውን ሲያንቀሳቅስ ያሳያል። የእንግሊዝኛውን ፊልም ለተመልካች ያስተዋወቀው ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ ነው። ይህን ስም አትርሱት፤ ኋላ ላይ ከሉዊስ ጋር ይጋጠማሉ።

የቀረው የቤልበሪ ዕቅድም ከጋዜጣ የተቀዳ ያህል ነው። «ብቁ ያልሆኑትን» ማምከን፣ «ኋላ ቀር» የተባሉትን ዘሮች ማጥፋት፣ በእስረኞች ላይ መሞከር። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰዎችን በግዳጅ ማምከን ሕጋዊ ነው ብሎ የፈረደው በ1927 ነው። ጀርመን ተመሳሳይ ሕግ ያወጣችው በ1933 ነው። ሉዊስ የመጽሐፉን መቅድም የጻፈው በ1943 የገና ዋዜማ ነው፤ የናዚ ሐኪሞች በኑረምበርግ ችሎት ፊት የቀረቡት ግን በ1946 መጨረሻ ነው። ዓለም በፍርድ ቤት የሰማውን እርሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ በልብ ወለድ ጽፎት ነበር። ነቢይ ሆኖ አይደለም፤ ሰዎች በግልጽ የሚሉትን በጥሞና ስለሰማ ነው። በዚያው በ1943 «የሰው መሻር» በተሰኘች ትንሽ መጽሐፉ፣ ሰው ተፈጥሮን ድል ነሣ ስንል ብዙ ጊዜ ጥቂቶች በብዙኃኑ ላይ ሠለጠኑ ማለታችን እንደሆነ ተከራክሯል። ልብ ወለዱ ያን ክርክር ሥጋ ያለብሰዋል።

አሁን ወደ ብርታቱ እንምጣ። እኔን የሚገርመኝ ጭንቅላቱ አይደለም፤ ስብሰባው ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ትልቁ ክፍል የኮሌጁ የመምህራን ስብሰባ ነው። ጫካውን ለመሸጥ የሚፈልጉት ጥቂት ሰዎች አጀንዳውን ቀድመው አሰናድተውታል። ስለ ወጣት መምህራን ደመወዝ ማነስ ይነሣል። የጫካው አጥር ፈርሶ ለማሠራት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ ይነገራል። ሽያጩ ሲመጣ ሁሉም ደክሟል፤ «እሺ» ማለት ብቻ ይቀራል። ለዘመናት ተጠብቆ የኖረ ጫካ አንድም ሰው ሳይዋሽ ተሸጠ። በዓለም ያሉ ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት ክፉውን ሰው ጠባሳና ሽጉጥ ይሰጡታል፤ ሉዊስ ቃለ ጉባኤ ሰጠው።

ቤልበሪም እንደዚያው ነው። ምክትል ዳይሬክተሩ ዊዘር አንድም ጊዜ «አዎ» ወይም «አይደለም» አይልም። ማርክ «ሥራዬ ምንድን ነው? ደመወዜስ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ የትሕትና ቃል እንደ ጭጋግ ይከብበዋል፤ ሲወጣ ከገባበት ያነሰ ያውቃል። «ነገ ተመለስ» እየተባለ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ አንባቢ ይህን ክፍል እየሳቀ ያነበዋል፤ ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም። ማንም በግልጽ ያልነገረህን ትእዛዝ እምቢ ማለት አትችልምና።

ማርክን የሚጎትተው ገንዘብ ወይም ሴት አይደለም። የሚጎትተው ከበር ኋላ የሚሳሳቁት ሰዎች ናቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ ከእነርሱ አንዱ መሆን ፈልጓል፤ ለዚያ ሲል ከልቡ የሚወዳቸውን ጓደኞች ትቶ የማይወዳቸውን ተከትሏል። ሉዊስ በ1944 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ለተማሪዎች ባደረገው ንግግር ይህንኑ ጥማት «የውስጥ ክበብ» ብሎታል፤ ለዓለማዊ ሰው ብቻ የተነገረ ንግግርም አይደለም። ወጣቶች ሆይ፣ መዘምራን መካከል፣ የአገልጋዮች ስብስብ ውስጥ፣ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሳይቀር አንድ «የውስጥ ክበብ» እንዳለ አታውቁምን?

የመጽሐፉ ምርጥ ገጽ ይህን ጥማት ተከትሎ ይመጣል። ተቋሙ ከተማውን በፖሊሱ እጅ ለማስገባት ሁከት ሊያስነሣ አቅዷል። ማርክ ስለ ሁከቱ ሁለት የጋዜጣ ጽሑፍ እንዲጽፍ ይጠየቃል፤ አንዱ ለምሁራን፣ አንዱ ለተራው አንባቢ። ሁከቱ ግን ገና አልተነሣም፤ የሚነሣው ነገ ነው። በሕይወቱ ወንጀል መሆኑን በግልጽ የሚያውቀውን ነገር እንዲሠራ ሲጠየቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን ምሽት ነው፤ እሳቱ ይሞቃል፤ መጠጥ አለ፤ ትልልቆቹ ሰዎች እንደ እኩያቸው እየቀለዱበት ነው። ወሰኑን ሲሻገር ወሰን መኖሩን እንኳ ልብ አላለውም። እኛ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የምንለውን ሉዊስ በአንዲት ማታ ሣለው። የተቋሙ የፖሊስ አለቃ ሃርድካስል ደግሞ ማርክን ስታስተምረው፣ ለማታለል የሚቀለው የተማረው አንባቢ ነው ትለዋለች፤ ሠራተኛው ጋዜጣው እንደሚዋሽ ገምቶ ስፖርቱን ብቻ ያነባል፣ የተማረው ግን የሚያነበውን ያምናል። ይህ ከተጻፈ ሰማንያ ዓመት አለፈው።

አንድ ሰው ልጨምር፤ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች የተተወ ይመስለኛልና። ስትሬይክ ቄስ ነው። በወጣትነቱ ስለ ድኾች የሚቃጠል ሰው ነበር። አሁን የእግዚአብሔር መንግሥት በዚህ ምድር በኃይል እንደምትመጣ፣ መሣሪያዋም ተቋሙ እንደሆነ ያምናል። ጥቅስ በአፉ ሞልቷል። የትንሣኤን ትምህርት ለጭንቅላቱ ሰጥቶታል። በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ መስቀሉን ከሂትለር ዓርማ ጋር ያሰለፉ «የጀርመን ክርስቲያኖች» ለተባሉት ወገኖች ምስል የሚሆን ሰው ነው። ክርስቲያን ጸሐፊ ክፋቱን ሁሉ በውጭ ሰዎች ላይ ለመጫን ይፈተናል፤ ሉዊስ ግን ከራሱ ቤት አንድ ቄስ በጠላት ማእድ አስቀመጠ።

ቴክኖሎጂው ራሱም ጥሩ ወጥመድ ነው። የፊዚዮሎጂ ሊቁ ፊሎስትራቶ ሞትን በመርፌና በቱቦ ድል የነሣ ይመስለዋል። ዊዘርና ባልደረባው ፍሮስት ግን ጭንቅላቱ ራሱ እንደማይናገር፣ በእርሱ በኩል የሚናገሩት ሌሎች እንደሆኑ ያውቃሉ። ሳይንስ የተባለው ነገር የጨለማ መናፍስት አፍ ሆኖ ይገኛል። ማሽኑን የሠራው ሰው ማሽኑ ምን እንደሆነ የማያውቅ ብቸኛው ሰው ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ መገለጥ አላነበብኩም።

እንግዲህ ድካሙ። የመጀመሪያው ታላቅ ተቺ ጆርጅ ኦርዌል ነበር። «የእንስሳት እርሻ» የተባለው የራሱ መጽሐፍ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ኦገስት 16 ቀን 1945፣ በማንቸስተር ኢቭኒንግ ኒውስ ላይ ስለ ሉዊስ መጽሐፍ ጻፈ። ሊነበብ የሚገባው ነው አለ፤ የተቋሙ የሥልጣን ሕልምም በአቶም ቦምብ ዘመን ቀልድ እንዳልሆነ መሰከረ። ግን አስማቱና መላእክቱ ባይኖሩ ይሻል ነበር ባይ ነው። ምክንያቱም እግዚአብሔርና ሰይጣን ተጋጠሙ ከተባለ ማን እንደሚያሸንፍ አንባቢው አስቀድሞ ያውቃል፤ ልብ የሚያንጠለጥል ነገር አይቀርም።

ኦርዌል እምነት ስላልነበረው ነው ብለን እንዳናልፈው። ግማሹ እውነት ነው። የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ተመልከቱ። መርሊን ነቅቶ በአስተርጓሚነት ተመስሎ ወደ ቤልበሪ የግብዣ አዳራሽ ይገባል። የተናጋሪዎቹ ቋንቋ ይደበላለቃል፤ ዘፍጥረት 11 ላይ ያለው የባቢሎን ፍርድ በአለባበስ ባማሩ ባለሥልጣናት ላይ ይወርዳል። ለሙከራ የታሰሩት አራዊት ተለቅቀው እንግዶቹን ይበሏቸዋል። ከተማዋን ምድር ትውጣታለች። እውነቱን ለመናገር የቋንቋው መደበላለቅ ድንቅ ነው፤ በቃል ጭጋግ የኖሩ ሰዎች በቃላቸው ተፈረደባቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን እልቂት ብቻ ነው።

እኔ ከኦርዌል የምለየው እዚህ ላይ ነው። ችግሩ እግዚአብሔር መግባቱ አይደለም። ችግሩ ሰዎቹ የሚሠሩት ነገር ማጣታቸው ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፈ አስቴር ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም፤ ታሪኩ ግን እጁ እንዳለበት እናነባለን፤ አስቴርም ብጠፋም እጠፋለሁ ብላ መግባት ነበረባት። ቀይ ባሕር ከመከፈሉ በፊት የፈርዖንን ትእዛዝ እምቢ ያሉ አዋላጆች ነበሩ፤ እነርሱ ባይኖሩ ብዙ ሕፃናት አይኖሩም ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ተአምር ሲመጣ የሰውን መታዘዝ ከንቱ አያደርገውም። በሉዊስ መጽሐፍ የራንሰም ወዳጆች መርሊንን ፍለጋ በዝናብ ይወጣሉ፤ አያገኙትም፤ እርሱ ራሱ በፈረስ ወደ ቤታቸው ይመጣል። ከዚያ በኋላ የእነርሱ ድርሻ መቀመጥ ነው። መጠበቅ እምነት መሆኑን አልክድም፤ ግን መጠበቁ ምን እንዳስከፈላቸው አናይም።

ማርክ ላይ ይህ ይበልጥ ያሳዝናል። በመጨረሻ ቤልበሪ ያስረዋል፤ ፍሮስትም የሰውነት ስሜቱን ከውስጡ ነቅሎ ለማውጣት በአንድ ጠማማ ክፍል ውስጥ ያሠለጥነዋል። አንድ ቀን ትልቅ ስቅለት መሬት ላይ ያነጥፍለትና ርገጠው ይለዋል። ማርክ አማኝ አይደለም፤ እንጨት ነው፣ ምን ቸገረኝ ማለት ይችላል። ነገር ግን የተሰቀለው ሰው ምንም ሊያደርግ የማይችል፣ የተሸነፈ መሆኑን ያይና፣ በዕድሜው ሁሉ ከአሸናፊዎች ጋር ለመሆን የሮጠው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸናፊው ጋር ይቆማል። እምቢ ይላል። ሉዊስ ከጻፋቸው ሁሉ ይህን ትዕይንት አስበልጣለሁ። እና ምን ይከተላል? ምንም። ደራሲው ወዲያው ትዕይንቱን ያቋርጠዋል። ማርክ ስቅለቱን ረግጦት ቢሆን እንኳ ድቡም ዝሆኑም የምድር መናወጡም በዚያው ሰዓት ይመጡ ነበር። ለነፍሱ ትልቅ ነገር ሆነ፤ ለታሪኩ ግን አንዲት ጠጠር አላነቃነቀም። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይህ ከባድ ጉድለት ነው።

የጄን ነገርም አለ። ከባሏ ይልቅ ደፋሯ እርሷ ናት፤ ሃርድካስል በሲጋራ እያቃጠለች አሠቃይታት አልተናገረችም። መጽሐፉ ግን ለእርሷ የሚሰጣት ሥራ ማለም ብቻ ነው፤ ስለ ባለቅኔው ጆን ደን የጀመረችውን ጥናት እንደ ትዕቢት ይቆጥረዋል፣ የትዳሩም ጥፋት ከሚገባት በላይ በእርሷ ላይ ይወድቃል። ሉዊስ ያን ጊዜ ትዳር አልያዘም ነበር። ያገባው በ1956 ነው፤ እኅቶች መጽሐፉን ስታነቡ በዚህ ብትቆጡ አልፈርድባችሁም።

ሃልዴን በ1946 «ዘ ሞደርን ኳርተርሊ» በተባለ መጽሔት ላይ መልስ ጻፈ። ኮሚኒስት ነበርና ሉዊስ የሳይንቲስቶችን ስም አጠፋ ብሎ ተቆጣ። ሉዊስ የመልስ መልስ ጀምሮ ነበር፤ የታተመው ግን እርሱ በ1963 ካረፈ በኋላ፣ በ1966 ነው። ክርክሩ የሚገባ ይመስለኛል፤ በመጽሐፌ መቆጣት ያለበት ሳይንቲስት ሳይሆን የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ ነው ይላል። በእርግጥም በታሪኩ ውስጥ እውነተኛው ሳይንቲስት የኬሚስትሪው ሊቅ ሂንጀስት ነው። ቤልበሪን አይቶ ይንቀዋል፣ ጥሎ ይወጣል፣ በዚያው ሌሊት መንገድ ላይ ተደብድቦ ይገደላል። ብቻ በጣም ቶሎ ይሞታል። ሁለት ምዕራፍ ቢጨመርለት ኖሮ ሃልዴን የሚለው ባጣ ነበር።

ቶልኪን ደግሞ መጽሐፉን ያበላሸው የወዳጃቸው የቻርልስ ዊሊያምስ ተጽዕኖ ነው ይል ነበር፤ የንጉሥ አርተርን አፈ ታሪክ ማለቱ ነው። እውነት አለው። አርተር፣ መርሊን፣ የፕላኔቶች መላእክት፣ ጭንቅላቱ፣ ድቡ፤ ቤቱ ሞልቶ እንግዳው ቆሞ ቀረ።

መጽሐፉ በእጃችሁ ከገባ ገጹን ቁጠሩ። ሉዊስ ራሱ ያሳጠረው ቅጂ በ1955 ታትሟል፤ ዛሬም በአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ሊገኝ ይችላል። እናንተ ግን ወፍራሙን ፈልጉ። ለሉዊስ የጠፈር ተከታታይ ሦስተኛው ቢሆንም ሁለቱን ሳያነቡ መጀመር ይቻላል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ስብሰባው ሲረዝም ገጹን አገላብጣችሁ ወደ ጭንቅላቱ ለመሮጥ ትፈተናላችሁ። አትዝለሉት፤ የአጥሩ ጥገና ወጪ ሲነበብ ማን ዝም እንዳለ አስተውሉ።